ባርዱን ማን ይጫወት?

ባህር ዳር ውስጥ ዱንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን፣ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባህሪ ሆኖ ዳይስ እየጣለ የሚተርክበትን ጨዋታ ከሚጫወቱ ልጆች ጋር ስትቀመጡ የመጀመሪያው ፀብ ከዘንዶ ጋር አይደለም። ባርዱን፣ ማለትም በዘፈን አስማት የሚሠራውን አዝማሪ፣ ማን ይጫወት በሚለው ነው። ሁሉም ጎራዴ ይፈልጋል። ሁሉም የደጃዝማች የልጅ ልጅ ነው። "እኔ አዝማሪ ልሁን? እናቴ ብትሰማስ?" ይላል አንዱ። ቅዳሜ ማታ አዝማሪ ቤት ገብቶ ዘፋኟ ግንባር ላይ ብር የሚለጥፈው እሱ ራሱ ነው።

ጨዋታውም ቢሆን ድሮ ለባርድ ቀና አልነበረም። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ወጣ፤ ባርድ የመጣው በ1976 ነው። በ1978ቱ መጽሐፍ ደግሞ ባርድ ለመሆን መጀመሪያ ተዋጊ፣ ቀጥሎ ሌባ መሆን ግዴታ ነበር። ዘፈኑ ከዚያ በኋላ ነው። (በዚህ መንገድ ያለፈ ዘፋኝ እኛም ዘንድ አይጠፋም፤ ስም አልጠራም።)

በ2014ቱ አምስተኛ እትም ነገሩ ቀለለ። ባርዱ ጓደኛውን ያሞግሳል፤ ጓደኛው ባለ 6 ጎን ዳይስ ያገኛል። ጎራዴ ሲሰነዝር ያንን ይጥልና የወጣውን ቁጥር ምቱ መሳካቱን በሚወስነው ባለ 20 ጎን ዳይስ ላይ ይደምራል። ባርዱ 15ኛ ደረጃ ሲደርስ ዳይሱ ባለ 12 ይሆናል። ይሄ ሽለላ ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው? ድሮ አዝማሪ ከጦሩ ጋር ዘምቶ ማሲንቆውን እየገዘገዘ አባቱን እየጠራ ሲያወድሰው፣ ሊሸሽ የነበረው ሰውዬ ዞሮ የሚገባው በዚሁ ሂሳብ ነው።

ችግሩ ያለው ተሸላሚው ጋ ነው። በዚህ እትም ዳይሱ የሚቆየው 10 ደቂቃ ብቻ ነው። የኛ ተዋጊ ግን ይቆጥበዋል።

"ተጠቀምበት እንጂ!"

"ቆይ፣ ለክፉ ቀን ይሁነኝ።"

ጎብሊን የሚባል ትንሽ ጭራቅ ጎኑን ወግቶታል፣ ደሙ ሊያልቅ ነው፤ ክፉ ቀን ግን ገና አልመጣም። እናቶቻችን ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ እንዳስቀመጡት ብርጭቆ ዳይሱ ሳይነካ ሰውዬው ሞተ።

ጣና ዳር ያለችው የካፌያችን ባለቤት ጩኸቱን ሰምታ መጣች። "ልጆቼ፣ ቁማር ከሆነ እዚህ አይቻልም።"

"ቁማር አይደለም እማማ፣ ጎብሊን ገድሎት ነው።"

"እሱስ ይሁን" ብላ ሻዩን አስቀምጣ ሄደች።

ትልቁ ክርክር ግን የስድቡ ነው። ባርዱ በስድብ የሚያቆስል አስማት አለው። በዚሁ እትም ተሰዳቢው ካልተቋቋመው በባለ 4 ጎን ዳይስ በወጣው ቁጥር ልክ ይጎዳል፣ ቀጣዩ ምቱም ይበላሽበታል። ሕጉ ተሰዳቢው ይስማ እንጂ ይግባው አይልም። የኛ ባርድ መንገድ የዘጋብንን ጭራቅ እንዲህ አለው፦

ጡንቻህ ተራራ፣ ደረትህ ሜዳ፣
አንጎልህን ብቻ ረስተኸው ጓዳ።

"ይሄ ደረቅ ስድብ ነው፣ ሰምና ወርቅ ይኑረው" አለ ታሪኩን የሚመራውና የሚፈርደው አጫዋች። እዚህ ላይ ጉድ ፈላ። በኛ አገር ሰምና ወርቅ የተሰደበ ሰው ስቆ፣ አጨብጭቦ፣ ሸልሞ ነው የሚሄደው። ወርቁ የሚገባው አልጋው ላይ ጋደም ሲል ነው። ታዲያ ጉዳቱ መቼ ይቆጠር? አሁን ወይስ ሌሊት?

አጫዋቹ ብዙ አሰበና ፈረደ። ጭራቁ "ድገመው!" አለ፣ 5 ወርቅ ሸለመ፣ መንገዱንም ለቀቀ። ጎራዴ ያልመዘዙት ተዋጊዎቻችን አሁን ወርቁ እኩል ይካፈል እያሉ ነው።