ስምንቱ ድንጋይ የት ገቡ?

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ያቺ ባለ ባትሪ ትንሽዬ ሰንሰለት መጋዝ ትመጣብኛለች። ቴሌግራም ላይ እሷ፣ ቲክቶክ ላይ እሷ። አንድ ሰውዬ በአንድ እጁ ይዞ ባህር ዛፉን እንደ ሸንኮራ አገዳ ይቆራርጠዋል፣ ከሥሩ «እንጨት ፈላጭ መለመን ቀረ!» ተብሎ ተጽፏል። ችዬ ነበር። ትናንት ግን አንዱ ሻጭ ቅሬታ ላቀረበ ገዢ «ዕቃው ችግር የለበትም፣ አጠቃቀሙን ስላላወቁበት ነው» ብሎ ሲመልስ አየሁ።

አጠቃቀም? እስቲ መጀመሪያ መቁጠር እንማር።

ባትሪው ላይ በትልቁ «48 ቮልት» ተለጥፏል። የጎረቤቴን ፈትተን አየነው፣ ውስጡ 5 የባትሪ ድንጋይ ነው ያለው። አንድ የሊቲየም ድንጋይ 3.6 ቮልት ገደማ ነው። አምስቱ ሲደመሩ 18፣ ቻርጅ ጢም ሲል ደግሞ 21። አለቀ። 48 ለመድረስ 13 ድንጋይ ያስፈልጋል። ታዲያ ስምንቱ የት ገቡ? መርካቶ ላይ ከታክሲ ወረዱ? ሌላው ሻጭ ያንኑ ቀፎ «88» ይለዋል፣ ሌላው «128»፤ ተለጣፊ ርካሽ ነው፣ ማን ይከለክላቸዋል። አንዱ ድንጋይ 1.5 አምፒር ሰዓት ይይዛል እንበል፤ በ18 ቮልት ስናባዛው ባትሪው የሚይዘው ጉልበት 27 ዋት ሰዓት ነው። 500 ዋት የሚጎትት ሞተር ይህን ከሦስት ደቂቃ ትንሽ አለፍ ብሎ ይጨርሰዋል። «ቀኑን ሙሉ ያሠራል» ያልከው ወንድሜ፣ ያንተ ቀን ስንት ደቂቃ ነው?

ምላጩ ደግሞ 4 ኢንች ነው፣ 10 ሴንቲ ሜትር። በዚህ ነው ግንድ የሚጣለው! ጫፉ እንጨት ከነካ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ሊመጣብህ ይችላል፤ ማስታወቂያው ላይ ያለው ሰውዬ ግን መነጽር የለው ጓንት የለው፣ በአንድ እጁ ይዞ ይስቃል። ሰንሰለቱ ዘይት ይፈልጋል፣ ብዙዎቹ ርካሾች ራሳቸው አይቀቡም፣ አንተ ካልቀባህ ይግላል፣ ይዶለዱማል። ይሄን የነገረህ አለ?

እሺ፣ የአቮካዶ ቅርንጫፍ ለመከርከም ትሆናለች። ለዚያ ግን የእጅ መጋዝ አለ፣ መብራት ጠፋ ብሎ አይቆምም።

ጎረቤቴ እሑድ ዕለት እንጨት ፈላጭ ጠራ። ሰውዬው በመጥረቢያው መጀመሪያ ግንዱ ውስጥ ተቀርቅራ የቀረችውን መጋዝ አወጣለት። ሒሳቡን ለብቻ ነው ያስከፈለው።