ሦስት ሶፍት ያስጨረሰ ፊልም

ደሴ ውስጥ አንድ ፊልም ጥሩ ይሁን መጥፎ ለመወሰን ፊልሙን ማየት የግድ አይደለም፤ ሲያልቅ በሩ ላይ ቆሞ የሚወጣውን ሰው ፊት ማየት ይበቃል። ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው አብጦ፣ የረጠበ ሶፍት በጡጫው ጨብጦ የሚወጣው ሰው ከበዛ ፊልሙ «ቁም ነገር ያለው» ይባላል። አንድ ሶፍት ያስጨረሰው «ደኅና»፣ ሁለት ያስጨረሰው «ምርጥ» ነው፤ ሦስት ያስጨረሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በየቡናው ላይ ስሙ ይነሣል። ተመልካቹ እየሣቀ የወጣበት ፊልም ግን፣ ምንም ያህል ቢደከምበት፣ «ጊዜ ማሳለፊያ» ከመባል አያልፍም።

ይህን መለኪያ ላወጣ ሕዝብ ምስጋናዬ ከጦሳ ተራራ ይገዝፋል። ሌላው ዓለም ስለ ድርሰቱ አወቃቀር፣ ስለ ተዋናዩ ብቃት፣ ስለ ካሜራውና ስለ ድምፁ ጥራት ሲከራከር ዕድሜውን ይፈጃል፤ እኛ ግን ነገሩን ሁሉ ከሱቅ በሚገዛ ወረቀት ለክተን ተገላገልን። ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴው ቢዘገይ፣ ማይክሮፎኑ ከላይ ብቅ ቢል፣ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ከቤት የወጣችው ልጅ በሰማያዊ ቀሚስ መንገድ ላይ ብትታይ፣ ያለቀሰ ዓይን ይህን ሁሉ አያይም። እንባ ለተመልካቹ ብቻ ሳይሆን ለአዘጋጁም ምሕረት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማደንቀው በሣቅ ፊልም ላይ የምናሳየውን ጨዋነት ነው። በቅርቡ አንድ ኮሜዲ ለማየት ገብቼ፣ አጠገቤ የተቀመጡት በዕድሜ የገፉ ሰው ገና ከመጀመሪያው ትዕይንት ይሥቁ ጀመር። አሣሣቃቸው የዋዛ አልነበረም፤ የፊት ወንበሩን ይደበድባሉ፣ ጉልበቴን ይመታሉ፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ተንሸራቶ ወድቆ ሰው ሲረግጠው እንኳ ማንሣት አልቻሉም፤ አንድ ጊዜማ ትን ብሏቸው ውኃ ፍለጋ ልነሣ ነበር። በመጨረሻ መብራቱ በራ። ጋቢያቸውን አንሥተው አራገፉ፣ አጣፍተው ለበሱ፤ ከወንበራቸው እስከ መውጫው ባለው ሃያ እርምጃ ውስጥም ፊታቸው ላይ የነበረው ሣቅ ሁሉ ተለቅሞ ገባ። የጦሳ ጉም እንኳ ፒያሳን ለመሸፈን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞረው «አሁን ይኼ ምን ያስተምራል?» አሉኝ። እኔም «እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ጊዜያችንን ነው የበሉት» ብዬ መለስኩላቸው፤ ጉንጬ ከሣቅ ብዛት ገና አልተፈታም ነበር። ሁለታችንም ክብራችንን ጠብቀን ተለያየን።

ይህች «ምን ያስተምራል» የምትባል ጥያቄ የምትቀርበው ለፊልም ብቻ ነው። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የእንግሊዝ እግር ኳስ ሲያይ ያመሸ ሰው ከኳሱ ምን ትምህርት ይዞ እንደ ወጣ አይጠየቅም፤ ክትፎ የበላም አይጠየቅም። ፊልም ሠሪ ግን ለአንድ ትኬት ዋጋ ወላጅም፣ መምህርም፣ የሃይማኖት አባትም እንዲሆን ይጠበቅበታል። ባለሙያዎቻችንም የደንበኛቸውን ልብ ያውቃሉና ታዝዘዋል። ልጅቷ የምትታመመው ለሠርጓ ሳምንት ሲቀራት ነው፤ እናቷ ምሥጢር የምትናገረው ሊወጣ ባለ ትንፋሽ ነው፤ ዝናቡ የሚጥለው ልጁ ጎዳና ላይ ሲወድቅ ነው፤ ሐኪሙም ጓንቱን እያወለቀ ወጥቶ ራሱን ከመነቅነቅ በቀር ሌላ ሕክምና አያውቅም። ይህ ሁሉ ሲሆን ፒያኖው ያለ ዕረፍት ይመታል፤ ምናልባት ተመልካቹ ማዘን ያለበት ቦታ ላይ መድረሱን ሳያውቅ እንዳያልፍ ነው። ኮሜዲ የሚሠራው ምስኪን እንኳ አስቆ አስቆ፣ በመጨረሻው ሦስት ደቂቃ ዋናውን ተዋናይ ካሜራው ፊት አቁሞ ስለ ሱስ ጎጂነት ያሰብከዋል፤ ይህ የሣቁ ቅጣት መክፈያ መሆኑ ነው። (ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር የብዙ ቤት ሰው አብሮ ማልቀሱን ሳስብ፣ የራሳችን ኀዘን አልበቃ ብሎን ከቱርክ ማስመጣታችንን እንደ ንግድ ዕድገት ልቆጥረው ይዳዳኛል።)

ፊልም ራሱ ግን ከጥንት ባለጌ ነው። የሉሚዬር ወንድማማቾች በታኅሣሥ ወር 1888 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ሰው አስከፍለው ካሳዩአቸው አጫጭር ፊልሞች መካከል አንዱ፣ አንድ ተንኮለኛ ልጅ የውኃ ጎማ ረግጦ አትክልተኛውን በውኃ የሚያስመታበት ቀልድ ነበር። ሲኒማ ገና በተወለደ ዕለት መሣቅ ጀመረ ማለት ነው፤ ደግነቱ ያን ጊዜ ከእኛ አገር ሰው አጠገቡ ቆሞ ምን እንደሚያስተምር የሚጠይቀው አልነበረም። የቻርሊ ቻፕሊን ጥፋት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ደሴ የገባው የጣሊያን ጦር ገና ከከተማችን ሳይወጣ፣ ጥቅምት 1933 ዓ.ም. ላይ ሰውዬው ሂትለርንና ሙሶሊኒን ሌላ ስም ሰጥቶ የዓለም መሣቂያ የሚያደርግ ፊልም አወጣ። ደሴ ነፃ የወጣችው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ነው። አባቶቻችን በጠመንጃ የሚታገሉትን ሰው እርሱ በሣቅ ሲያዋርድ፣ እንደ ጨዋ ሰው ተቀምጦ ቢያለቅስ ምን ነበረበት?

እዚህ ላይ የእንባ ወገኖች ሊረቱኝ የሚችሉበት አንድ ማስረጃ እንዳላቸው አልክድም፤ ማስረጃውም የወሎ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረኀብ ቀርጾ ለአገሩ ቴሌቪዥን ሲያሳይ፣ የተደበቀው ችግር በዓለም ፊት ተጋለጠ፤ ንጉሡ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የወሎ ሰው በዚያ ፊልም ውስጥ ተዋናይ አልነበረም፤ የሞተውም ለተመልካች ብሎ አልነበረም። ስለ እርሱ መቀለድ አልችልም፤ አልፈልግምም። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፦ በዚያች ምሽት የታየው ፊልም የቤተ መንግሥት ግብዣ በመካከሉ እየተቀጠለ የተሰናዳ ነበር። እንግዲህ እንባን በመቀስ እየቆረጡ በሚፈለገው ቦታ በመስፋት ረገድ የዛሬዎቹ ፕሮዲዩሰሮቻችን የመጀመሪያዎቹ አይደሉም፤ ልዩነቱ እነርሱ መንግሥት ሳይሆን ትኬት ብቻ መፈለጋቸው ነው።

የሚገርመው እኛ ወሎዎች እውነተኛ ለቅሶ ላይ እንዲህ አለመሆናችን ነው። ቀብር ተመልሶ ድንኳን ከተተከለ በኋላ፣ ሲመሽ ካርታው ይወጣል፤ የሟቹ ጓደኛ ሟቹ በሕይወት ሳለ የሠራውን ጉድ ያነሣል፤ አንዱ ጨዋታ ሌላውን እየጠራ ሄዶ ሄዶ ሐዘንተኛው ራሱ ሳያስበው ጥርሱ ይታያል። ያን ጊዜ ይህ ጨዋታ ምን ያስተምራል ብሎ የሚነሣ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም፤ እንዲያውም ሐዘንተኛውን ያሣቀው ሰው ተመርቆ ነው የሚሄደው። ሬሳ በወጣበት ቤት እንሥቃለን፤ ማንም ባልሞተበት አዳራሽ ግን ከፍለን እናለቅሳለን። ይህን ያህል የተስተካከለ ሥርዓት ያለው ሕዝብ በመሆናችን እኮራለሁ።

ሥርዓቱ የበለጠ እንዲጠብቅ አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ በፊልም የሚሞቱ ሰዎች ጉዳይ ለቅሬ (ሌላው አገር እድር ለሚለው) ይሰጥ የሚል ነው። ፊልሙ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት የሚታይ ከሆነ፣ የቅሬው ጡሩምባ ነፊ በማለዳ መንደሩን እየዞረ የዋናዋን ተዋናይት ዕረፍት ይልፈፍ፤ የቅሬው አግዳሚ ወንበር ወደ አዳራሹ ይጫን፤ ስም በመዝገብ ይጠራ፤ ያልተገኘ አባል እንደ ደንቡ ይቀጣ፤ ተገኝቶ ዓይኑ ያልረጠበ ደግሞ እጥፍ ይክፈል። ከቅጣቱ ገንዘብ ለቀጣዩ ሳምንት ሶፍት ይገዛበታል። የማልደብቀው አንድ ስጋት ብቻ ነበረኝ፤ የቅሬው ሰዎች ካርታቸውን ይዘው ከመጡ፣ ልጅቷ ከመሞቷ በፊት የኋላው ረድፍ በሣቅ ሊፈነዳ ይችላል።

ይህን ሁሉ ባለፈው የቅሬው ስብሰባ ማብቂያ ላይ ለሰብሳቢያችን በዝርዝር አስረዳኋቸው። የጡሩምባ ነፊው ላይ ስደርስ ፈገግ አሉ፤ የእጥፍ ቅጣቱ ላይ ስደርስ ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ፤ ጥምጥማቸውን እስኪያስተካክሉ ድረስ ሣቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠራርገው፣ ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ መዝገባቸውን በብብታቸው ከያዙ በኋላ «የእኔ ልጅ፣ አሁን ይኼ ምን ያስተምራል?» አሉኝ።