ማስተካከያ፦ ስለ ተደጋጋሚ ዲኤንኤ እና ስለ ጡት ካንሰር

ስለ ጡት ካንሰር ዘረመል ቀደም ሲል በቀረበው ጽሑፍ «ተደጋጋሚው ዲኤንኤ ፕሮቲን ስለማያሠራ ከበሽታው ጋር ግንኙነት የለውም» ተብሎ የሰፈረው ትክክል ስላልሆነ በሚከተለው ይተካ።

ከሰው ጂኖም (ከሙሉው የዘር መረጃ) ግማሽ ያህሉን የያዙት ተደጋጋሚ ቅደም ተከተሎች፣ ማለትም በብዙ ቅጂ እየተደጋገሙ የሚገኙ የዲኤንኤ ፊደላት ድርድሮች ሲሆኑ፣ «አሉ» የተሰኘው አጭር ቅደም ተከተል ብቻውን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂ አለው። ሲበላሽ ለጡት ካንሰር የሚያጋልጠው፣ በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኘው ቢአርሲኤ1 ጂን በእነዚህ ቅጂዎች እጅግ የተጨናነቀ ነው፤ ከርዝመቱ 40 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ። ሴሉ የተሰበረ ዲኤንኤ ሲጠግን አንዱን ቅጂ ከሌላው ጋር ሊያምታታ ስለሚችል፣ በሁለቱ መካከል ያለው የጂኑ ክፍል ይጎድላል ወይም ይደገማል። የሚገርመው፣ ቢአርሲኤ1 ራሱ የዲኤንኤ ስብራትን በትክክል ለመጠገን ከሚያስፈልጉ ጂኖች አንዱ መሆኑ ነው፤ እሱ ሲበላሽ ሌላውም የጂኖም ክፍል ለስህተት ይጋለጣል። እንደ ቢአርሲኤ1 ሁሉ ሲበላሽ ለጡት ካንሰር በሚያጋልጠው በቢአርሲኤ2 ጂን ውስጥም «አሉ» ተሰክቶ ጂኑን ያበላሸበት፣ በፖርቱጋል ቤተሰቦች ዘንድ በተደጋጋሚ የተገኘ የሚወረስ ለውጥ አለ።

ይህ ለምርመራ ትርጉም አለው፤ ፊደል በፊደል ብቻ የሚያነብ ምርመራ እንዲህ ያለውን ሰፊ ጉድለት ሊስተው ስለሚችል፣ የጂኑን ክፍሎች ቅጂ ብዛት የሚለካ ተጨማሪ ምርመራ ይደረጋል። ስለዚህ ቤተሰባዊ ታሪክ ላላት ሴት «ምንም አልተገኘም» የሚል ውጤት ሲሰጥ፣ የትኛው ምርመራ እንደተሠራ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሆኖም ማስተካከያው ተደጋጋሚ ዲኤንኤ በራሱ ካንሰር ያመጣል ማለት አይደለም። ሁላችንም እንሸከመዋለን፤ በዘር ከሚወረስ የጂን ለውጥ የሚመነጨው የጡት ካንሰርም ከጠቅላላው ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው።