ይሄ ማራገቢያ አንጀቴን አሳረረው

በሪሞት የማበረውን ትንሽ ጄቴን የሚገፋውን ማራገቢያ ልቀይር ብዬ ሦስት ቀን ፈጀብኝ! የድሮው 70 ሚሊሜትር ነው። አዲሱም 70 ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። ለካ 70 የውስጡ ስፋት ነው፤ የውጭ ቀፎው ወፍሮ ከጄቱ የፎም አካል አልገባ አለ። ሻጩ ይህን አንድ መስመር ቢጽፍ ምን ነበረበት? ፎሙን በምላጭ ቀስ እያልኩ ፋቅኩት። ከዚያ ሞተሩ በተቃራኒው ዞረ። ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን አቀያየርኩ፣ ተስተካከለ።

ግን ይንቀጠቀጣል። አውጥቼ ሳየው ከምላሶቹ የአንዱ ጫፍ ተሸርፏል፤ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ነች የጎደለችው። ይቺው ሚዛኑን አዛብታ ቀፎውን ታስፍቀዋለች። አዲስ ዕቃ እኮ ነው!

ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው ድሮም ግፊት ያንሰዋል። በተሸረፈ ምላስማ ጄቱ እንዴት ይነሳል? መለዋወጫው እዚህ የለም። ሌላ እስኪመጣ ስንት ወር ልጠብቅ?