"ሰነፍ" ከማለታችን በፊት

ወገኖቼ፣ ልጅ ማንበብ ሲያቅተው አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው "ሰነፍ" የሚለው ቃል ነው። ከዚያ ቁጣ፣ ከዚያ ዱላ። ምን እንደቸገረው ለመጠየቅ ትዝ የሚለን ክፍል ሲደግም ነው። ይሄ በደል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። ልጁ ብሩህ ነው፤ ዓይኑም ደህና ነው። ማንበብ ግን እምቢ አለው። ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ይወጣ ነበር ብሎ መምህሩ መስክሮለታል። ዛሬ ችግሩ ዲስሌክሲያ ይባላል። ስሙ ከታወቀ በኋላም እንዲህ ያለውን ልጅ "ደደብ" ስንል ምን ሰበብ አለን?

በመጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ሰሌዳው የማይታየው ስንቱ ልጅ "ልቡ እዚህ የለም" ተብሎ ተቀጥቷል! እንቅልፉንም እዩ። ከዚያ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ውሰዱት። እዚያ ማለፍና መውደቅ የለም። ባለሙያው ያስነብበዋል፣ ያስጽፈዋል፣ የሰማቸውን ቁጥሮች ከኋላ ወደ ፊት ያስደግመዋል። ሰዓታት ይወስዳል። ልጁ በደንብ በሚያውቀው ቋንቋ ካልሆነ ግን የሚለካው ቋንቋውን ነው።

ሌላው የትኩረት ችግር (ADHD) ነው፤ ይህን በደም ምርመራ ማወቅ አይቻልም። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆዩ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታዩ መሆን አለባቸው። ለዚህ ነው ወላጅም መምህርም መጠይቅ የሚሞሉት። እባካችሁ ልጃችሁን ለማሳመር ብላችሁ አትዋሹበት። መምህራን ደግሞ የሚረብሸውን ብቻ አትዩ። ከኋላ ወንበር ጸጥ ብላ በመስኮት የምታይ ልጅ አለች። ማንንም ስለማትረብሽ "ጨዋ" እንላታለን። ደብተሯን ግን ማን ገልጦ አየው? እንደሷ ያሉት ሳይታወቅላቸው ዓመታት ያልፋሉ፤ እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ አትደንግጡ። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልፍሬድ ቢኔ ከባልደረባው ሲሞን ጋር እ.ኤ.አ. በ1905 የመጀመሪያውን የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ያዘጋጀው እርዳታ የሚሹ ልጆችን ለመለየት ነው። ቁጥሩ የልጁ ዕጣ ፈንታ ነው አላለም።

እናንተ ደግሞ ሰው እንዳይሰማ ብላችሁ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ የቆለፋችሁ፣ ነገ ጠዋት ለመምህሩ ውሰዱለት። ፊት ወንበር የሚያስቀምጠውም፣ የፈተና ሰዓት የሚጨምርለትም ሲያነበው ነው።