ጭካኔ አይደለም
አደጋ ሲደርስ ሰው ለምን ቆሞ እንደሚያይ የሚያወሳው ጽሑፍ «ሰው ሲበዛ እርዳታ ያንሳል» ያለው ልክ ነው። ከላይ «ሰው ስለጨከነ ነው» ላልከው ወንድሜ ግን አልስማማም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳርሊና ላታኔ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ሙከራ፣ ለብቻው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ተሳታፊ ሌላ ሰው የሚጥል በሽታ ሲነሳበት በድምፅ መገናኛ ይሰማል። የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ካሰበው 85 በመቶው የታማሚው ድምፅ ሳይቋረጥ ለእርዳታ ለመናገር ከክፍሉ ወጣ። ሌሎች አራት ሰዎችም ሰምተዋል ካለው ግን 31 በመቶው ብቻ። ቁጭ ብለው የቀሩትም እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ መዳፋቸው ያልበው ነበር። ታዲያ ይሄ የጨካኝ ሰው እጅ ነው? እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለው መንገድ አንድ ልጅ ከሳይክል ወደቀ። ግንባሩ ይደማል፣ ጎማው ገና ይሽከረከራል። ሃያ የምንሆን ከበን ቆምን፤ እኔም አለሁበት። ሁሉም ከንፈሩን ይመጣል፣ ሁሉም የጎኑን ሰው ያያል። ነገሩን የፈቱት አንዲት ቆሎ ሻጭ እናት ናቸው። «አንተ ባለ ቢጫ ሹራብ፣ ባጃጅ ጥራ! አንቺ፣ ነጠላሽን ወዲህ በይ!» ባለ ሹራቡ ወዲያው ሮጠ። እኔንም በጣታቸው ጠቁመው «እግሩን ያዝ» አሉኝ። ጽሑፉ ሳያነሳው ያለፈው ይሄንን ነው፤ አንድን ሰው ለይቶ ማዘዝን። ከዚያ በኋላ እጁን አጣምሮ የቆመ አንድም ሰው አላየሁም።