ያቺ ልጅ የት ሄዳ ትሠራ?

ወገኖቼ፣ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬ በእናንተ ላይ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ትምህርት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፒያሳ አካባቢ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ተቀምጫለሁ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፀጉሬ በቢጉዲን ተጠቅልሎ ካስክ ለመግባት ተራ ስጠብቅ፣ አንድ ሰው የስድስት፣ ቢበዛ የሰባት ዓመት ሴት ልጁን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የጋምቤላ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ጥቁር። ሱሪው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል፤ ጫማውን ግን ጠርጎ ነው የመጣው። ልጅቷ አዲስ ዩኒፎርሟን ከነእጥፋቱ ለብሳለች። ሰኞ እስኪደርስ አላስቻላትም መሰለኝ።

«እህቴ፣ ሹሩባ ስንት ነው?» አለ።

ሠራተኛዋ የልጅቷን ራስ አየችና «የሷን አንሠራም» አለችው። የማይከፍል መስሏት ይሆናል ብሎ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ብር አወጣ። «እከፍላለሁ። እናቷ በሕይወት የለችም፤ እኔ ደግሞ አልችልበትም። ሰኞ ትምህርት ቤት ትገባለች።»

ሠራተኛዋ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። በዕድሜ አባቷ የሚሆነውን ሰው «አንተ አትሰማም እንዴ? ይሄ ከርዳዳ ማበጠሪያችንን ይሰብረዋል» አለችው። ቤቱ ሳቀ። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴትዮ ድምፅዋን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ «ደግሞ ለባሪያ ሹሩባ!» አለች።

ልጅ አይገባውም የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ አይቻለሁ። ልጅቷ አባቷ ያልያዘውን እጇን ቀስ አድርጋ አነሳችና ራሷ ላይ ጫነችው። ፀጉሯን ልትሸፍን ነው። በዚያች መዳፍ የት ይሸፈናል?

አባትየው አልተቆጣም። ብሩን እንደነበረው አጣጠፈና ኪሱ ከተተ። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ልጁን ይዞ ወጣ።

እኔ ዝም አልኩ። የምለው ጠፍቶኝ አልነበረም፤ ምላሴ ላይ ነበር። ፀጉሬን ጀምረውት፣ ቢጉዲን ራሴ ላይ ተሰክቶ፣ አሁን ከነዚህ ሰዎች ተጣልቼ የት እገባለሁ ብዬ አሰብኩ። በአንዲት ልጅ ክብርና በፀጉሬ መካከል ፀጉሬን መረጥኩ። ሲያልቅ ሂሳቤን ከፈልኩ፣ ለዚያችው ሠራተኛ መቶ ብር ጉርሻ ጨመርኩላት። እንቅልፍ የነሳችኝ ያቺ መቶ ብር ናት። ለምኑ ነው የሸለምኳት?

ከዚያ ፀጉር ቤት እስከ ዓድዋ ድል መታሰቢያ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። እዚያ ሄደን ፎቶ እንነሳለን፣ የጥቁር ሕዝብ ድል እንላለን። ጥቁር ስንል ማንን ነው? አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 1956 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ቆመው፣ የሰው የቆዳው ቀለም ከዓይኑ ቀለም የበለጠ ትርጉም መያዙ እስካልቀረ ድረስ ሰላም እንደማይኖር ለዓለም ተናግረዋል። ይህን በኩራት የምንጠቅስ ሰዎች ነን፣ ማበጠሪያ ለአንዲት ሕፃን የነፈግን። ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም ነው፤ ቃሉን ግን ቤታችን ውስጥ አኖርነው። ልጅ ሳለሁ ጠቆር ያለች ጓደኛዬን በዚያ ቃል ስጠራት ከትልልቆቹ አንድም የገሠጸኝ አልነበረም። የቤት ኪራይ ሲጠየቅ መልኩን አይተን «ተይዟል» የምንለውስ?

ከሳምንት በኋላ በዚያው መንገድ ሳልፍ ከሚሠራ ሕንፃ ሥር ብሎኬት ተሸክሞ አገኘሁት። ሸክሙን እስኪያወርድ ጠብቄ «የዚያን ቀን እዚያ ነበርኩ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እርስዎ እኮ ምንም አላሉም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው።

ልጅቷን ጠየቅኩት። ሰኞ ጠዋት እንደምንም ለሁለት ከፍሎ አስሮላት ሄዳለች። አሁን ግን ኮፍያ ካላደረገች ከቤት አትወጣም። ቀን ብሎኬት ይሸከማል፣ ማታ እራት ይሠራል፣ ልብሷን ያጥባል፣ ጠዋት ደግሞ ኮፍያዋን እንድታወልቅ ይለምናታል። ስድስት ዓመት ብቻውን ያሳደጋትን ልጅ እኛ በአንድ ከሰዓት ምን እንዳደረግናት ተመልከቱ።

እባካችሁ። ከሳቃችሁት መካከል አንዳችሁ «ተይ!» ብትሉ ኖሮ፣ እኔም ብል ኖሮ፣ ሠራተኛዋ ትደነግጥ ነበር፤ አፍራም ትሠራት ይሆናል። ከዚያ ብዙ አልጠይቅም። በአዋጅ ያልጠፋ ነገር በእኔ ጽሑፍ እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ሹሩባ ከእናቴ ተምሬያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ቢያመጣት እንደምሠራት ነገርኩትና ስልኬን ሰጠሁት። ወረቀቱን እንደዚያ ብር አጣጥፎ «እስቲ እናያለን» አለኝ። ያመነኝ አልመሰለኝም፤ ለምን ያምነኛል? ጥርሱ ሰፋ ያለ ሚዶ ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከቤት አልወጣም።